የቡራዩው ሙዳይ፦ ሁለት የ1887 ብሮች በአንድ የውርስ ክፍፍል

በ2016 ዓ.ም. ጥቅምት ወር፣ ከአስኮ ወደ አምቦ በሚያወጣው መንገድ ገፈርሳ ሳይደረስ ባለ አንድ የቡራዩ ግቢ ውስጥ፣ አንዲት እህትና ሁለት ወንድሞች የአባታቸውን ውርስ ለመካፈል ሽማግሌ አስቀምጠው ነበር። ቤቱና ቦታው፣ ላሞቹና የባንክ ሒሳቡ በሁለት ቅዳሜ አለቀ፤ ያላለቀው አባትየው ዕድሜ ልካቸውን ከራስጌያቸው ሳይለዩት የኖሩት አንድ ሙዳይ ብቻ ነበር። በሙዳዩ ውስጥ በነጠላ ቅዳጅ የተጠቀለሉ 23 ጠገራ ብሮችና 4 የዳግማዊ ምኒልክ ብሮች ተገኙ። እኔ ለዓመታት የቆዩ ሳንቲሞችን ስሰበስብ የኖርሁ ሰው እንጂ የገማችነት ፈቃድ ያለኝ ባለሙያ አይደለሁም፤ የተጠራሁትም ከሽማግሌዎቹ አንዱ ስለሚያውቁኝና ከወራሾቹ ከማንኛቸውም ጋር ዝምድና ስለሌለኝ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ እስከ ግንቦት የሆነውን እዚህ አሰፍራለሁ፤ የባለቤቶቹን ስም ትቼ፣ ክብደቱንና ልኩን ግን በማስታወሻዬ እንደመዘገብሁት።

ክርክሩን ያስነሣው የዋጋ ልዩነት ነው። ታላቂቱ እህት አስቀድመው ፒያሳ አንድ ወርቅ ቤት ጠይቀው ኖሮ፣ ባለ ሱቁ 27ቱንም ሳይለይ በግራም እንደሚገዛ ነግሯቸዋል። ታናሽ ወንድም ያመጣው ደላላ ደግሞ ከምኒልኮቹ ሁለቱ ፲፰፻፹፯ የሚል ዓመት እንዳለባቸው አይቶ፣ ወርቅ ቤቱ ለሙዳዩ በሙሉ ከሰጠው ዋጋ የሚበልጥ ገንዘብ ለእነዚህ ለሁለቱ ብቻ ጠራ። ነገር ግን ይኸው ሰው በሳምንቱ ተመልሶ መጥቶ፣ እውነተኛነቱ በማረጋገጫ ተቋም ተመርምሯል ከሚል ወረቀት ጋር በጠንካራ ፕላስቲክ ማቀፊያ የታሸገ የ1887 ብር ከኪሱ እያወጣ፣ «እናቴ፣ ይህን ያህል የሚያወጣው የታሸገው ነው፤ የእናንተ ወረቀት የለውም፣ ወረቀት የሌለው ደግሞ ያው ጥሬ ብር ነው» አለና ራሱ የጠራውን ዋጋ ወደ ሩብ አወረደው። መካከለኛው ወንድም የሚኖሩት በቨርጂኒያ ስለሆነ ነገሩን በስልክ ሰምተው፣ ምንም ነገር እንዳይሸጥ አሳሰቡ። እህትየው እኔን ባገኙኝ ጊዜ የጠየቁኝ የመጀመሪያ ጥያቄ፣ «አባቴ ያለ ወረቀት ያኖሩትን ብር አሁን ወረቀት ይውጣለት ነው የምትሉን?» የሚል ነበር።

መልሱ ለሁሉም ሳንቲም አንድ ስላልነበረ ከጠገራዎቹ ጀመርን። በሁሉም ላይ 1780 የሚል ዓመት ስላለ፣ ታናሽ ወንድም ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ያስቆጠሩ መስለውት ከፍ ያለ ተስፋ አድርጎባቸው ነበር። እውነታው ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. 1780 የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ ያረፉበት ዓመት ሲሆን፣ ከእርሳቸው ሞት በኋላም ብሩ በእኛ አገርና በቀይ ባሕር ዙሪያ ተፈላጊ ስለነበረ ዓመቱ ሳይለወጥ መታተሙ ቀጥሏል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቪየና፣ ፕራግ፣ ሚላኖና ቬኒስ አትመውታል፤ እ.ኤ.አ. በ1935 ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ለመውረር ሲዘጋጅ ማተሚያ ቅርጹን ከኦስትሪያ አስመጥቶ ሮም ላይ አሳተመው፤ በማግሥቱ ዓመት ለንደን፣ ከዚያም ፓሪስ፣ ብራሰልስና ቦምቤይ ተከተሉ። ስለዚህ በጠገራ ላይ ያለው ዓመት ስለ ዕድሜው የሚነግረን ነገር የለም። የትኛው ከተማ እንዳተመው ለማወቅ የንስሩን የጅራት ላባዎችና የንግሥቲቱን የትከሻ ጌጥ በማጉያ መነጽር ማጥናት ያስፈልጋል፤ የጥንት ነጋዴዎቻችን በዚያ ጌጥ ላይ ያሉትን ዘጠኝ ዕንቁዎች ቆጥረው ካልሞሉ አልቀበልም ይሉ እንደነበር የሚነገረውም መሠረት ያለው ጥንቃቄ ነው።

ከ23ቱ ጠገራዎች ስድስቱ ለአንገት ጌጥነት ተበስተው ወይም ማንጠልጠያ ተበይዶባቸው ነበር። አሥራ አንዱን ደግሞ ታናሽ ወንድም እኔ ከመምጣቴ ከሁለት ቀን በፊት እንግዳ ለመቀበል ያህል በጥርስ ሳሙና ፈትጎ አብለጭልጯቸዋል። ሁሉም በክብደት ሲመዘኑ ከመነሻው 28.07 ግራም ብዙም ያልራቁ፣ ከ1000 እጅ 833ቱ ብር የሆኑ ትክክለኛ ጠገራዎች ናቸው፤ ነገር ግን በመቶ ሚሊዮኖች የታተመ፣ ያውም የተበሳና የተፈተገ ሳንቲም ለማረጋገጫ ተቋም ልኮ ደረጃ ማሰጠት ማለት ከራሱ ዋጋ የሚበልጥ ክፍያ መክፈል ነው። ወርቅ ቤቱ በግራም እገዛለሁ ማለቱ ለእነዚህ ስድብ አልነበረም። እህትየው ይህን ስነግራቸው ቅር ቢላቸውም ተቀበሉኝ፤ ታናሽየው ግን የጥርስ ሳሙናውን ነገር እስከ መጨረሻው አልተቀበለኝም፤ ለእርሱ የነጻ ዕቃ ከቆሸሸ ዕቃ ሁልጊዜ ይበልጣል።

ፍሬ ነገሩ ያለው በአራቱ ምኒልኮች ላይ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በስማቸውና በመልካቸው ያወጡት የመጀመሪያው ብር ፓሪስ የታተመ ሲሆን፣ ክብደቱ 28.075 ግራም፣ ወርዱ 40 ሚሊ ሜትር፣ የብር ይዘቱ ከ1000 እጅ 835 ነው፤ ይህም ሕዝቡ ለለመደው ጠገራ በክብደት አቻ እንዲሆን ታስቦ የተደረገ ነው። ዓመቱ በግዕዝ አኃዝ የተቀረጸ ሲሆን፣ የ1887ቱ 20,000 ብቻ፣ የ1889ኙ ግን ከ400 ሺህ በላይ ታትሟል። በሁለቱ መካከል ያለው የመልክ ልዩነት የመጨረሻዋ አኃዝ ብቻ ናት፦ ፯ ወይም ፱። የአንዲት አኃዝ ልዩነት የዋጋን ልክ ይህን ያህል የሚለውጥ ከሆነ፣ ያችን አኃዝ ለመለወጥ የሚነሣ እጅ አይጠፋም። አንደኛው ብር 1892፣ ሁለተኛው 1889፣ የቀሩት ሁለቱ 1887 ይላሉ።

መጀመሪያ በቤት የሚቻለውን ምርመራ አደረግን። የወርቅ ሚዛን፣ አንድ ብርጭቆ ውኃና ክር በቂ ነው። ሳንቲሙ በደረቁ ይመዘናል፤ ቀጥሎ ውኃው ያለበት ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ ተቀምጦ ሚዛኑ ዜሮ ይደረግና፣ ሳንቲሙ በክር ታስሮ የብርጭቆውን ታች ሳይነካ ውኃው ውስጥ ይንጠለጠላል። በዚያን ጊዜ ሚዛኑ የሚያሳየው ግራም ሳንቲሙ የያዘው ቦታ መጠን ነው፤ የደረቁ ክብደት ለዚህ ቁጥር ሲካፈል የማዕድኑ እፍግታ ይገኛል። 835 እጅ ብርና የቀረው መዳብ የሆነ ቅይጥ ወደ 10.2 ገደማ መስጠት አለበት። የ1892ቱ 27.71 ግራም መዝኖ በውኃ 2.72 ሰጠ፤ ሲካፈል 10.19 ነው። የ1889ኙ 27.52 በ2.70፣ ይኸውም 10.19። ከሁለቱ 1887ዎች አንደኛው፣ በማስታወሻዬ «ሀ» ያልሁት፣ 24.60 ግራም ብቻ መዝኖ በውኃ 2.90 ሰጠ፤ 8.48 ማለት ነው። ይህ የናስ ቁጥር ነው እንጂ የብር አይደለም። በማጉያ መነጽር ሲታይም የፊደሎቹ ጠርዝ የለዘበ፣ ሜዳው፣ ማለትም ከሥዕሉና ከፊደሉ ውጪ ያለው ልሙጥ ገጽ፣ በጥቃቅን ጉድጓዶች የተወጋ፣ በጠርዙ ዙሪያም የሁለት ቅርጽ መጋጠሚያ መስመር ያለበት ነበር፤ በአጭሩ በማተሚያ ያልተመታ፣ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰና ብር የተቀባ ነው።

ብር መቀባት ለአገራችን አዲስ ብልሃት አይደለም። የ1936 ዓ.ም. ዓመት ያለበት የመዳብ 25 ሳንቲም በክብነቱና በመጠኑ ከብሩ 50 ሳንቲም ጋር ስለሚቀራረብ፣ ብር እየተቀባ በ50 ሳንቲምነት ያልፍ ነበር፤ ኋላ ላይ ጠርዙ እንደ አበባ ቅጠል እንዲጎባጎብ የተደረገው በዚህ ምክንያት ነው።

«ለ» ያልሁት ሁለተኛው 1887 ግን ምርመራውን ሁሉ አለፈ። ክብደቱ 27.63፣ በውኃ 2.71፣ እፍግታው 10.20 ነው። ወርዱ ትክክል፣ ፊደሎቹ የጠሩ፣ የንጉሠ ነገሥቱ ዘውድና የአንበሳው ጎፈር በወጉ ያረጁ ናቸው። ታናሽ ወንድም እጁን አጨብጭቦ ተነሣ። እኔን ያሳሰበኝ የመጨረሻዋ አኃዝ ናት። በአሥር እጥፍ በሚያጎላው መነጽሬ ስመለከታት፣ በዙሪያዋ ያለው ሜዳ ከቀረው ሜዳ በጥቂቱ ዝቅ ብሎ፣ በቀረው ገጽ ላይ ያሉት የዘመን ጭረቶች በየአቅጣጫው ሲሆኑ፣ እዚያች ቦታ ላይ ያሉት ጥቃቅን ጭረቶች ግን ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ የሄዱ ናቸው። ሚዛንና ውኃ የሚመረምሩት ማዕድንን ነው፤ አንድ እውነተኛ የ1889 ብር አኃዙ ተፍቆ 1887 ቢደረግ ማዕድኑም፣ ክብደቱም፣ ፓሪስ መታተሙም እውነት ሆኖ ይቀራል፤ ሐሰቱ ያለው በአንዲት ቦታ ላይ ብቻ ነው። የባለሙያ ማረጋገጫ የሚያስፈልገው እንግዲህ እዚህ ላይ ነው፤ ከእኔ መነጽር የተሻለ ማይክሮስኮፕ፣ ከዚያም በላይ ብዙ እውነተኛ የ1887 ብሮችን ጎን ለጎን ያየ ዓይን።

የዚህ ሙያ ታሪክ ረጅም አይደለም። የአሜሪካ የሳንቲም ሰብሳቢዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1972 ሳንቲሞችን የሚያረጋግጥ አገልግሎት ጀመረ፤ ዛሬ በዓለም ላይ በብዛት የሚታወቁት ሁለቱ የአሜሪካ የማረጋገጫ ተቋማት፣ ፒሲጂኤስና ኤንጂሲ፣ ሥራ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1986ና በ1987 ነው። ሁለቱም የሚጠቀሙበት ከ1 እስከ 70 የሚደርስ መለኪያ ዊሊያም ሼልደን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1949 ለጥንት የአሜሪካ የመዳብ ሳንቲሞች ያወጣው ነው፤ ሐሳቡም በመነሻው 70 ያገኘ ሳንቲም 1 ካገኘው 70 እጥፍ ያወጣል የሚል ነበር፤ ዋጋው ከሒሳቡ ቢያፈነግጥም ቁጥሩ ግን ቀርቷል። በተቋማቱ አሠራር ከአንድ በላይ ባለሙያዎች ሳንቲሙን ባለቤቱን ሳያውቁ ያዩታል፤ እውነተኛ ሆኖ ከተገኘ ደረጃ ተሰጥቶት፣ የራሱ ቁጥር ወጥቶለት፣ ሳይሰበር በማይከፈት ማቀፊያ ይታሸጋል። ሐሰተኛ ወይም ዓመቱ የተለወጠ ከሆነ ደረጃ አያገኝም። እውነተኛ ሆኖ የተፈተገ፣ የተበሳ ወይም ከጌጥ የተነቀለ ከሆነ ግን ከቁጥር ይልቅ ጉድለቱ በስም ይጻፍበታል።

ታዲያ «ለ»ን ለምን አልላክነውም? አንደኛውና ዋናው ምክንያት ሕግ ነው። በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት የተከለከለ ነው፤ ደላላው «በሰው እንልከዋለን» ያለውን ሐሳብ ሽማግሌዎቹ ወዲያው ጣሉት፤ እኔም በዚህ ደስ ብሎኛል። ከዚያ በመለስ የምርመራው ክፍያ በዶላር ነው፤ የመላኪያና የመድን ወጪ ደርሶ መልስ ነው፤ የፈለግነው መልስ ደግሞ «ተለውጧል» የሚል ሊሆን እንደሚችል በመነጽር እያየነው ነበር። ለአንድ ጥያቄ ይህን ያህል መክፈል የሚያዋጣው መልሱ ወደ ሁለቱም ወገን እኩል ሲያጋድል ነው።

መንገዱ የተገኘው ሳይታሰብ ነው። ይህን ሁሉ በስልክ የሚከታተሉት መካከለኛው ወንድም፣ በ1970ዎቹ ከአገር ሲወጡ አባታቸው «ለስንቅህ» ብለው ከዚያው ሙዳይ አንድ ብር እንደሰጧቸው አስታወሱ። ብሩ እንዴት ወጣ የሚለውን ሌላ ሰው ይጠይቅ፤ ለእኛ የጠቀመን ግን እዚያው ቨርጂኒያ በመሳቢያቸው ውስጥ መኖሩና ዓመቱ ፲፰፻፹፯ መሆኑ ነው። በፎቶግራፍ ሲልኩልን በስልክ ካሜራ የተነሣ ስለነበረ አኃዙን አጥርቶ አያሳይም። ከሁለቱ ተቋማት ወደ አንዱ እንዲልኩት መከርኋቸው፤ በኅዳር ላኩት፣ በየካቲት ተመለሰ። በማቀፊያው ላይ የተጻፈው ብሩ እውነተኛ መሆኑን፣ የማርጀቱ መጠን በኤክስኤፍ ክልል ውስጥ፣ ማለትም በጥቂቱ ብቻ ያረጀ መሆኑን፣ ነገር ግን ስለተፈተገ ቁጥር የማይሰጠው መሆኑን ይገልጻል።

መካከለኛው ወንድም ደውለው ሲነግሩኝ ድምፃቸው የከፋው ሰው ድምፅ ነበር። «አባባ እኮ በየፋሲካው በአመድና በሎሚ ሲያሹት አይቻቸዋለሁ፤ እንዲያምር ብለው ነው» አሉኝ። ይህ በየቤቱ ያለ ልማድ ነው፤ መስቀልም፣ ጠገራም፣ የብር ዋንጫም እንዲሁ ይታሻል። ለሳንቲም ግን አመድ አሸዋ ማለት ነው፤ ከማተሚያው ሲወጣ በገጹ ላይ የነበረውን ጸዳልና በኋላ ዘመን ያለበሰውን ጥቁር ወዝ አብሮ ይገፈዋል፤ የተገፈፈውም አይመለስም። በዋጋ ረገድ ይህ ማለት ያው ሳንቲም ሳይነካ ቢቀር ከሚያወጣው ጉልህ ቅናሽ ማለት ነው። እኔ ግን በዚያች ሰዓት ከቁጥር ይልቅ ያስፈለገኝ «እውነተኛ» የምትለዋ ቃል ናት፤ ከእርሷም ጋር ተቋሙ ያነሣው ጥርት ያለ ፎቶግራፍ መጣ። ብዙ ሰው ከማረጋገጫ ተቋም የሚገዛው ቁጥሩን ይመስለዋል፤ በዚህ ጉዳይ ግን ቁጥር አልተሰጠም፣ ክፍያው ግን አልባከነም።

ፎቶግራፉን በትልቅ ስክሪን ዘርግተን «ለ»ን ከጎኑ ስናስቀምጥ ነገሩ ለታናሽየውም ግልጽ ሆነለት። በቨርጂኒያው ብር ላይ የመጨረሻዋ አኃዝ ከጎረቤቷ ከ፹ ጋር በአንድ ከፍታ ቆማ፣ ከሥሯ ያለው ሜዳ ከቀረው ጋር የተስተካከለ ነው። በ«ለ» ላይ ያለችው ግን ከ፹ ያነሰች ቀጭን ሆና፣ በጎድጓዳ ቦታ ላይ የተቀመጠች ናት። ይህ የተቋም ፍርድ አይደለም፤ የእኔ አስተያየት ነው፣ በመዝገቡም ላይ «ማዕድኑ እውነተኛ፤ ዓመቱ ተለውጧል ተብሎ ይታመናል» ብዬ ጽፌ ፈረምሁበት። ነገ ተነገ ወዲያ ፈቃድ ያለው ባለሙያ አይቶ ቢሽረኝ ወረቀቱ ከሳንቲሙ ጋር ስላለ አይቸገርም።

የደላላው ማቀፊያ ጉዳይ አጭር ነው። ባሳየን ቀን እህትየው «ላየው» ብለው ተቀብለውት በእጃቸው ሲያገላብጡት፣ እኔ የመለያ ቁጥሩን በማስታወሻዬ ላይ አስፍሬ ነበር። ሁለቱም ተቋማት ማንም ሰው ቁጥር አስገብቶ የትኛው ሳንቲም እንደሆነ የሚያይበት መፈለጊያ በድረ ገጻቸው ላይ አላቸው። ቁጥሩን ሳስገባው የወጣው የሌላ አገር ሳንቲም ነው። ማቀፊያውም ራሱ ይመሰላል ማለት ነው፤ ፕላስቲክና የታተመ ወረቀት መሥራት ብር ከመሥራት ይቀላል። ደላላው አውቆ ያደረገው ይሁን ወይም እርሱም ተታልሎ የገዛው፣ አላውቅም፤ ቁጥሩን በነገርሁት ጊዜ ግንባሩን የጠረገበትን ሁኔታ ሳስበው ሁለተኛው ይመስለኛል። ከዚያ በኋላ ወደ ግቢው አልመጣም።

ክፍፍሉ በግንቦት ተጠናቀቀ። ሽማግሌዎቹ መካከለኛው ወንድም ለስንቅ የተሰጣቸውን ብር ከውርሱ እንዳይቆጠር ወሰኑ፤ አባት በሕይወት ሳሉ በእጃቸው የሰጡት ነውና። እርሳቸውም በምላሹ ከሙዳዩ ድርሻቸውን ተዉ፤ የምርመራውንም ወጪ ራሳቸው ቻሉ። የተበሱትንና ማንጠልጠያ ያላቸውን ስድስት ጠገራዎች እህትየው ወሰዱ፤ የእናታቸው የአንገት ጌጥ የነበሩ መሆናቸውን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። የቀሩት 17ቱ ለፒያሳው ወርቅ ቤት በግራም ተሸጡና ገንዘቡ ለሁለት ተከፈለ። የ1889ኙ ለእህትየው፣ የ1892ቱ ለታናሽየው ደረሰ፤ ሁለቱም እውነተኛ ስለሆኑና ዋጋቸውም ለምርመራ ወጪ ስለማይበቃ፣ ክብደታቸውና እፍግታቸው የተጻፈበት ወረቀት ከፎቶግራፍ ጋር ተያይዞላቸው፣ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው በወረቀት ኪስ ተቀመጡ። እንዳይታሹም አደራ ብያለሁ። «ለ»ን ታናሽየው ጠየቀ፤ ዋጋውም እንደ አንድ ተራ ምኒልክ ተቆጥሮ ተሰጠው።

«ሀ»ን ማንም አልጠየቀም። አባትየው የናሱን ብር ከየት እንዳገኙት፣ ተታልለው በገበያ ተቀብለውት ይሁን አውቀው ያኖሩት፣ የሚያስታውስ ሰው የለም። ጉባኤው ሲበተን እህትየው አንሥተው ኪሱን እንዳዘጋጅለት ጠየቁኝ፤ እንደ ሌሎቹ ሁሉ «24.60 ግራም፣ 8.48፣ ብር አይደለም» ብዬ ጽፌ ሰጠኋቸው፤ እርሳቸውም ከነኪሱ በነጠላው ቅዳጅ ጠቅልለው ሙዳዩ ውስጥ መለሱት።